የሙያ መላመድ አቅም በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ለሥራው ዓለም ለውጥ ያላቸውን ዝግጁነት በመጠይቅ መለካት እፈልጋለሁ። የትኛው ይሻላል? ማለፊያ ነጥቡስ ስንት ነው?

መልስ፦ የሙያ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሳቪካስና ፖርፌሊ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በ13 አገሮች የተሞከረው ባለ 24 ዓረፍተ ነገር የሙያ መላመድ አቅም መለኪያ ይበቃዎታል። አራት ዘርፎች አሉት፦ ስለ ነገ ማሰብ፣ በራስ መወሰን፣ አማራጭ የመፈለግ ጉጉት፣ በራስ መተማመን። እያንዳንዱ 6 ዓረፍተ ነገር አለው፤ ተማሪው ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ዘርፍ ትንሹ ውጤት 6፣ ትልቁ 30 ነው።

ማለፊያ ነጥብ የለውም። ድምሩን ብቻ ማየትም ያሳስታል፤ ጉጉቱ 28፣ በራስ መወሰኑ 12 የሆነ ልጅ በድምር ደህና ይመስላል። ምክር የሚፈልገው ግን 12ቷ ላይ ነው።

የአማርኛ ትርጉሙን ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ የተዛባው ያኔ ይታያል። ከዚያ 8 ወይም 10 ተማሪዎች እያነበቡ የገባቸውን በራሳቸው አባባል ይንገሩዎት። አስቸጋሪው ነገር ሁሉንም 5 ብሎ መሙላት ነው፤ «ለውጤት ይያዝብናል» ብለው ይሰጋሉ። የክፍል ኃላፊው ባይሰበስበው ይመረጣል። ለ11ኛ ክፍል የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ምደባ ግን አይጠቀሙበት፤ ለዚያ አልተሠራም።