የጎድጓዳ ቦይ አንግል የሚወሰደው ዲስኩ የመጨረሻው ቁመቱ ላይ ሲደርስ ነው

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ታቦር አካባቢ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በቁም ሳጥን አናት ዙሪያ የሚሄድ ማስጌጫ ለመሥራት፣ ስፋቱ 12 ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ የዋንዛ ጣውላ ላይ ስፋቱ 8 ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎድጓዳ ቦይ በጠረጴዛ መጋዝ ማውጣት ፈለግሁ። ዲስኬ ባለ 250 ሚሊ ሜትር ነው። አራት እንጨቶችን በብሎን አያይዤ የሚታጠፍ ፍሬም ሠራሁ፤ ዲስኩን 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌም የመሪ ጣውላውን፣ ማለትም የሚቆረጠው ጣውላ ተደግፎት የሚሄደውን እንጨት፣ አንግል በፍሬሙ ወሰድኩ። ቦዩ ግን 11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወጣ። በአንድ በኩል የጣውላው ጠርዝ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ የቦዩ ውስጥ ሞገድ ሞገድ ይላል፤ ጣውላውም ከመሪው እየሸሸ አስቸገረኝ። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?»

መልስ፦ ልኬቶቹን በዝርዝር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ቦዩ ለምን 11 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ መጋዝዎን ሳላይ በስሌት ለማግኘት የቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው። የፍሬሙ አሠራር ትክክል ነው። የተሳሳተው ፍሬሙን ከዲስኩ ጋር ያገናኙበት ጊዜ ነው፤ አንግሉን የወሰዱት ዲስኩ ከጠረጴዛው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብቅ ባለበት ሲሆን፣ ሥራውን የጨረሱት ግን 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው።

ክብ ዲስክ ከፍ ባለ ቁጥር ከጠረጴዛው ገጽ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች፣ ማለትም ጥርሶቹ ከኋላ የሚወጡበትና ከፊት የሚገቡበት ነጥብ፣ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ባለ 250 ሚሊ ሜትር ዲስክ 10 ሚሊ ሜትር ሲወጣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 98 ሚሊ ሜትር ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ግን ወደ 136 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጣውላው በዲስኩ ላይ በሰያፍ ሲያልፍ የቦዩ ስፋት ከዚህ ርቀት ላይ የሚወሰድ ድርሻ ነው፤ የድርሻውን መጠን የሚወስነው ደግሞ መሪው ከዲስኩ መስመር ጋር የሚሠራው አንግል ነው። እርስዎ በ10 ሚሊ ሜትር ቁመት 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ስለፈለጉ ፍሬሙ ወደ 53 ዲግሪ ገደማ ዞረ። በዚያው አንግል ዲስኩ 20 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር መሆኑ የግድ ነው። ፍሬሙን በ20 ሚሊ ሜትር ቁመት አስጠግተውት ቢሆን ኖሮ አንግሉ 35 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር፤ ቦዩም በፈለጉት ልክ ይወጣ ነበር።

በስሌት መሥራት የሚወድ ሰው ከዲስኩ ዲያሜትር ላይ የቦዩን ጥልቀት ይቀንሳል፣ ውጤቱን በጥልቀቱ ያባዛል፣ የዚህን ስኩዌር ሩት ወስዶ በ2 ያባዛል። በእርስዎ ልኬት 230 በ20 ሲባዛ 4,600 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 67.8፣ እጥፉ 135.6 ነው። የሚፈለገው ስፋት ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የአንግሉን ሳይን ይሰጣል። ይህ መንገድ የዲስኩን ውፍረት ስለማይቆጥር ቦዩን በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ያሰፋዋል። ፍሬሙ ግን ራሳቸውን ጥርሶቹን ስለሚነካ ውፍረቱንም አብሮ ይይዛል፤ እኔ ከሒሳቡ ይልቅ ፍሬሙን የማምነው ለዚህ ነው።

ፍሬሙን ሠርተው ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ቀጥ ያሉና ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ዘንጎች፣ እንዲሁም 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ያስፈልጋሉ። ጥንዶቹ እንጨቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው አብረው መበሳት አለባቸው፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተለያየ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ትይዩ መሆናቸው ይቀርና ፍሬሙ መዋሸት ይጀምራል። አራቱ ማዕዘኖች በብሎን፣ በሮንዴላና በእጅ በሚጠብቅ ዳዶ ይታሰራሉ። በሁለቱ ዘንጎች የውስጥ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት በስኳድራ ቀጥ ብሎ ሲለካ የቦዩን ስፋት፣ በእርስዎ ሥራ 80 ሚሊ ሜትርን፣ እስኪያክል ፍሬሙ ይታጠፍና ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ።

ከዚህ በኋላ የመጋዙን ሶኬት ይንቀሉ፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ዲስኩን እስከ መጨረሻው ጥልቀት፣ ማለትም እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያንሱ። በእጅ እያዞሩም አንድ ጥርስ በፊት በኩል ልክ የጠረጴዛው ገጽ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ፍሬሙን ዲስኩን አቅፎ እንዲቀመጥ አድርገው አንዱ ዘንግ የፊቱን ጥርስ፣ ሌላው ዘንግ የኋላውን ጥርስ በአንድ ጊዜ እስኪነኩ ያዙሩት፤ የኋላውንም ጥርስ እንደዚሁ ወደ ገጹ ማምጣትዎን አይርሱ። ወደ እርስዎ በኩል ባለው ዘንግ የውስጥ ጠርዝ ላይ በጠረጴዛው ላይ በእርሳስ መስመር ያስምሩ። የጣውላዎ ስፋት 120፣ የቦዩ 80 በመሆኑ በእያንዳንዱ ጎን 20 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፤ ስለዚህ የመሪው ፊት ከዚህ መስመር ወደ እርስዎ 20 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሆኖ ይታሰራል። ዲስኩን ወደ ታች የሚመልሱት መሪው ከታሰረ በኋላ ነው።

በአንድ በኩል ያለው ጠርዝ ከሌላው ይበልጥ የሳሳበት ምክንያትም ከዚሁ ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በብዙ የጠረጴዛ መጋዞች ዲስኩ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ የተሸከመው ክንድ በቅስት ስለሚንቀሳቀስ ማዕከሉ በመጠኑ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። በአገራችን ብየዳ ቤቶች በሚሠሩ መጋዞች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ባለበት ሆኖ ጠረጴዛው በአንድ ጫፉ በማጠፊያ ይነሳል፤ በዚህ ጊዜ መንሸራተቱ የባሰ ይሆናል። በ1 ሴንቲ ሜትር ቁመት መሃል የነበረው ቦይ በ2 ሴንቲ ሜትር መሃል ላይሆን ይችላል። አቀማመጡ በመጨረሻው ቁመት ከተወሰደ ግን የመጀመሪያዎቹ ማለፊያዎች፣ ማለትም ዲስኩ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሳ ጣውላው በላዩ የሚያልፍባቸው ዙሮች፣ ጠባብ ስለሆኑ ትንሽ ወደ ጎን ቢያዘነብሉም የኋለኞቹ ይጠርጓቸዋል። መጋዝዎ በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ የማይል ከሆነ ግን ይህን ሥራ በእሱ ላይ እንዲሞክሩ አልመክርም።

ጣውላው ከመሪው መሸሹ ከስፋቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ጉዳይ ነው፤ መሪውን ከዲስኩ ማዶ እንዳሰሩት ይጠቁማልና። የዲስኩ የላይኛው ጥርሶች የሚሽከረከሩት ወደ ሠራተኛው ነው፤ እንጨቱንም ወደዚያው ይገፋሉ። መሪው በእርስዎና በጣውላው መካከል ሲሆን ይህ ግፊት ጣውላውን መሪው ላይ ይለጥፈዋል። መሪው ማዶ ከሆነ ግን ጣውላውን ከዲስኩ ግፊት ጋር እየታገለ የሚይዘው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው፤ እጅ በደከመበት ቅጽበት ጣውላው ይዞራል፣ ዲስኩም ነክሶ ይወረውረዋል። ጣውላውም ሁልጊዜ ወደ እርስዎ ከቀረበው የመሪው ጫፍ ተነስቶ ወደ ሩቁ ጫፍ፣ የጥርሶቹን አዟዟር ተቃርኖ መሄድ አለበት። በማዶ በኩል ሁለተኛ መሪ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ አድርገው፣ ጣውላው ሳይጨናነቅ እንዲያልፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትተው ቢያስሩ ደግሞ ጣውላው የሚሸሽበት መንገድ አይኖረውም። ለአንድ ሜትር ጣውላ ይህ ድካም የበዛ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ያለ ሁለተኛ መሪ አልሠራም። ሁለቱም መሪዎች በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በጠንካራ ክላምፕ ይታሰሩ እንጂ በአንድ ሚስማር ተመትተው አይተዉ።

ሞገዱ የመጣው ከአንድ በላይ ከሆነ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጠርዙ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የቀረው ጣውላ የሚያርፍበት ስለሌለው በየማለፊያው እንደሚወላገድ ጥርጥር የለኝም፤ ስፋቱ ሲስተካከል የሞገዱ አብዛኛው ክፍል አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የአገፋፍና የዲስክ ጉዳይ ነው። በአንድ ማለፊያ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ አያንሱ፤ ጥልቀትዎ 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ14 የማያንሱ ማለፊያዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። የመጨረሻው ማለፊያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያነሳ፣ በጣም ዝግ ያለና መሃል ላይ የማይቆም ይሁን፤ ጣውላው በቆመበት ሁሉ ዲስኩ ምልክት ይተዋል። ዲስኩ በዚህ ሥራ ላይ ከጎኑ ስለሚጫን ቀጭኑ ዓይነት ይርገበገባል፤ ወፈር ያለ፣ ከ40 እስከ 60 ጥርስ ያለውና የተሳለ ዲስክ ይምረጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞገዱ ካልጠፋ ሶኬቱን ነቅለው ዲስኩን በእጅ ይወዝውዙት፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ምንም ዓይነት ፍሬም አያድነውም።

ጊዜ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው ሰያፉን መሪ ከማሰሩ በፊት፣ የቦዩን ቅርጽ በጣውላው ጫፍ ላይ አስምሮ በተለመደው ቀጥታ አቆራረጥ ከመስመሩ ውስጥ የሚቀሩ ጥቂት ቦዮችን ቢያወጣ፣ በሰያፍ የሚነሳው እንጨት በእጅጉ ይቀንሳል። ዋንዛ ታዛዥ እንጨት ስለሆነ ብዙም አያስፈልገውም፤ ለባሕር ዛፍ ግን የግድ ነው እላለሁ። ጣውላው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ዋንዛ በቦዩ ውስጥ ጸጉር ጸጉር ያወጣል፣ ከአንድ ፊቱ ይህን ያህል እንጨት ከተነሳለት በኋላም ይጣመማል።

በሰያፍ ሲሠራ የዲስኩ መከለያና ከኋላው የሚቆመው ብረት መውለቃቸው ስለማይቀር ሥራው ከተራ ስንጠቃ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዲስኩ ጣውላው ስር ተሸፍኖ ስለሚቆይ የማይጎዳ ይመስላል፤ የጣውላው ጭራ ባለፈ ቅጽበት ግን ተገልጦ ይቀራል። ጣውላውን በእጅ መዳፍ አይጫኑ፤ እጀታ ያላቸውና ከስራቸው የአሮጌ ጫማ ሶል በኮላ የተለጠፈባቸው ሁለት መግፊያዎች ይሥሩ። ጓንት አይልበሱ፣ ከጣውላው መውጫ ትይዩም አይቁሙ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን ያጥፉ፤ ብዙዎቹ የአገር ውስጥ መጋዞች መብራቱ ሲመለስ ራሳቸው ይነሳሉ፣ በዚያን ጊዜ ጣውላው ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ከተገኘ ይወረወራል። ኃይሉ ቀንሶ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ወይም ቺንጋው ሲንሸራተት ከሰሙ ግፊቱን ከማብዛት ዲስኩን ዝቅ ያድርጉ።

ቦዩ ከወጣ በኋላ የሚቀሩትን የጥርስ ምልክቶች ለማጥፋት፣ ከተበላሸው ጣውላ ላይ የቦዩን ተቃራኒ ቅርጽ ያለው ማንሸራተቻ ቀርጸው ብርጭቆ ወረቀት ይጠቅልሉበት፤ በ80 ቁጥር ጀምረው በ120 እና በ180 ይጨርሱ። የቦዩ ቅርጽ የክብ ቁራጭ ሳይሆን የሞላላ ቁራጭ ስለሆነ ቧንቧ ወይም ጠርሙስ ልክ አይገጥመውም። የጀርባው ጠርዞች በ45 ዲግሪ የሚቆረጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አስቀድመው ከተቆረጡ ጣውላው መሪውን የሚደገፍበት ቀጥ ያለ ጎን ያጣል። ደንበኛዎ ለአንድ ቁም ሳጥን የሚሆን ካዘዙ ይህ ዘዴ ይበቃል። ትእዛዙ ለሙሉ ቤት ከሆነና ብዙ ሜትር የሚፈልግ ከሆነ ግን ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የቅርጽ ማውጫ ማሽን ላለው ቤት ከፍሎ ማሠራት በጊዜም በገንዘብም ይሻላል።

11 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ጣውላ አይጣሉት። ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው፣ መሪውን ወደ ተለመደው ቦታ፣ መከለያውንም ወደ ቦታው መልሰው በቦዩ መሃል ቢሰነጥቁት፣ እያንዳንዳቸው 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የቦይ ግማሽ ያለባቸው ሁለት ማስጌጫዎች ይወጡታል፤ የሳሳው ጠርዝም በመላጊያ ተስተካክሎ ከቁም ሳጥኑ እግር በላይ በሚሄደው መስመር ላይ ሊገባ ይችላል።