ዓይነት አንድ ስኳርን የማዳን ጥናት ከሸዋ ሮቢት ሆኖ እንዴት ይታገዛል?

እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጅሽ ዓይነት አንድ ስኳር ከተባለች ወዲህ «ማዳኛው ተገኘ የሚሉት እውነት ነው? ከሸዋ ሮቢት ሆነንስ ጥናቱን በምን እናግዛለን?» ብለሻል።

ወሬው መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ የሙከራ ውጤት፣ ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ ከሚችል መነሻ ህዋስ) የተሠሩ ኢንሱሊን አመንጪ ህዋሳት በሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 ሰዎች 10ሩ በዓመቱ መርፌ አቁመዋል። ግን ሰውነታቸው አዲሶቹን ህዋሳት እንዳያጠፋ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ሁሉም አዋቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ የፈቀደችው ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ደግሞ ምልክት ከመታየቱ በፊት ተሰጥቶ ሕመሙን ሁለት ዓመት ገደማ ያዘገያል እንጂ አንዴ ለጀመረው አይደለም። ስለዚህ የልጅሽ ኢንሱሊን ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። «ከሥሩ ይነቅላል» እያለ በቴሌግራም ዱቄት ከሚሸጠው ጋር ክርክር አትግጠሚ፣ እለፊው።

ገንዘብ ላኪ አልልሽም። ከእኛ ዘንድ የሚጎድለው መረጃ ነው። በጎንደርና በጅማ የተሠሩ ጥናቶች በገጠር ኢንሱሊን የሚወጉ ብዙ ወጣቶች ሕመም ፈረንጅ አገር ከሚታወቀው ዓይነት አንድ ጋር እንደማይገጥም አሳይተዋል፤ የተጠረጠረው የምግብ እጥረት ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን «ዓይነት አምስት» ብሎታል። የእኛ ልጆች ያልተቆጠሩበት ጥናት የሚያመጣው መድኃኒት ለእኛ ልጆች ስለመሥራቱ ማን ያውቃል?

እንግዲህ ከደብተሩ ጀምሪ። አንዱ መስመር እንዲህ ይሁን፦ «ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1:10፣ ሳትበላ፣ 187፣ ኤንፒኤች 14፣ ሬጉላር 4»፤ 187 የስኳሯ ልኬት ነው፣ ኤንፒኤችና ሬጉላር የምትወጋቸው የኢንሱሊን ዓይነቶች ናቸው። ሰው የሚሳሳተው በሰዓትና በዘመን ነው። መለኪያው 7:10 ሲል በእኛ 1:10 ነው፤ ደብተሩና ማሽኑ ከተምታቱ የጠዋቱ ልኬት የቀትር ይመስላል። ባትሪ በቀየርሽ ቁጥር የማሽኑን ሰዓት እይው። ሕመሙ የጀመረበትን ዓመትም ያለ «ዓ.ም.» አትተይው። 2017 ብቻ ከተጻፈና አንባቢው በፈረንጅ ከቆጠረው፣ በ10 ዓመቷ የታመመችው ልጅ በ2 ወይም በ3 ዓመቷ የጀመራት ትሆናለች። የሕመሙን ዓይነት ለመለየት መጀመሪያ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ዕድሜ ነው።

ማንጎ ልጣ ጣቷን ሳትታጠብ ከለካች የምታነቢው የጭማቂውን ስኳር ነው። በአልኮል መጥረግ አይበቃም፣ በውኃና በሳሙና ታጥባ ታድርቀው። ወባ ከያዛትም ቀኑን መዝግቢ። ወባ ቀይ የደም ህዋስ ስለሚያፈርስ የሦስት ወሩ አማካይ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ሐኪሙም በደንብ ይዛለች ብሎ ይሸወዳል። ለቆላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቆሽቷ አሁንም ኢንሱሊን ያመነጭ እንደሆነ የሚለየው ሲ ፔፕታይድ የሚባለው ምርመራ ነው። ናሙናው ሩቅ የሚሄድ ከሆነ በምን ብልቃጥ እንደሚቀዳ ጠይቂ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ውስጥ ሳይጣራም በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት ይቆያል፤ በቀይ ክዳኑ ግን ቶሎ ተጣርቶ ካልቀዘቀዘ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። የሸዋ ሮቢት ሙቀትና ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ሲጨመሩ አስቢው። በዚያው ደቂቃ ስኳሯ ይለካና ይጻፍ፤ ወርዶ ሳለ ከተቀዳ ቆሽቷ ቢሠራም ውጤቱ ዝቅ ይላል።

ክትትል ክፍሉን «ጥናት ሲመጣ ጥሩን» ብለሽ ስልክሽን ተይላቸው። ሲጠሩሽ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አሳዩኝ በይ። ስንት ሚሊ ሊትር ደም እንደሚወሰድ፣ ናሙናው ከአገር ይወጣ እንደሆነ፣ ውጤቱ ለአንቺ ይነገር እንደሆነ ጠይቂ። አንቺ ብትፈርሚም ልጅቷ ራሷ እሺ ትበል። መሃል ላይ ብታቋርጡ ሕክምናዋ አይነካም፣ ክፍያ ከጠየቁሽ ግን ተነሽና ሂጂ። የፈረምሽበትን ቅጂ ከደብተሩ ጋር አስቀምጪው።