ስናፕሾቱን ዲሊት ባደርገው የአምስት ወር ሒሳብ ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርና የቢሮው ፋይል ያለበት ዊንዶውስ ሰርቨር ቪኤምዌር (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ላይ ነው፣ ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ጥቅምት ላይ አፕዴት ሊያደርግ ሲል ስናፕሾት (ማሽኑን ወደዛን ሰዓት ሁኔታው ለመመለስ የሚያዝ) ወስዶ እንዳለ ትቶት ሄዷል። አሁን ዳታስቶሩ (የማሽኑ ፋይሎች የሚቀመጡበት ዲስክ) ላይ 20 ጊጋ ብቻ ነው የቀረው፣ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። ጓደኛዬ ዴልታ የሚለውን ትልቁን ፋይል ገብተሽ አጥፊው ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ስናፕሾቱን ዲሊት ካልኩት ከጥቅምት ወዲህ የተሠራው ሒሳብ አብሮ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አለቃዬ ደሞ ስናፕሾት እያለ ባክአፕ ለምን ይላሉ። ምን ይሻላል?
አይቲዋ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ፋይል በናትሽ እንዳትነኪው! ስናፕሾት ሲወሰድ ዋናው ዲስክ ባለበት ይቆማል፣ ከዛ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ዴልታው ውስጥ ነው የሚገባው። የፈራሽለት የአምስት ወር ሒሳብ ያለው እዛ ነው፣ ጓደኛሽ አጥፊው ያለሽ እሱን ነው እንግዲህ።

ስናፕሾት ማናጀር ገብተሽ ዲሊት ስትይ ግን ሌላ ነገር ነው የሚሆነው፣ ዴልታው ዋናው ዲስክ ውስጥ ይዋሃዳል፣ የዛሬው ሥራ እንዳለ ይቀራል፣ የሚጠፋው ወደ ጥቅምት የመመለሻው መንገድ ብቻ ነው። መፍራት ያለብሽ ሪቨርት የሚለውን ነው፣ እሱ ነው አምስት ወሩን ጠርጎ የሚወስደው፣ ሁለቱ ደሞ አንድ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ስለሆኑ ተረጋግተሽ ንኪ።

ከዛ በፊት ፒችትሪን ከራሱ ፋይል ሜኑ ባክአፕ አድርገሽ፣ ፋይሎቹንም ጨምረሽ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርገሽ መከፈቱን እይ። ቦታውን በተመለከተ፣ ዲስኩ ቲክ (ቦታው በሙሉ ቀድሞ የተያዘለት) ከሆነ ሲዋሃድ ዋናው ፋይል አያድግም፣ ቲን (ሲጻፍበት ብቻ ቦታ የሚወስድ) ከሆነ ግን ሊያድግ ስለሚችል የማይፈለጉ አይኤስኦዎችን (የኢንስታሌሽን ሲዲ ቅጂ ፋይሎችን) አንሺ። ማሽኑ እየሠራ ብታዋህጂውም ይቻላል፣ ግን በዛ ሰዓት የሚጻፈው ሌላ ጊዜያዊ ዴልታ ሊፈጥር ስለሚችል ባንቺ 20 ጊጋ እኔ አልደፍረውም። ሹት ዳውን ስታደርጊው የስዋፕ ፋይሉም (ራም ሲያጥር እንዲተካ ቪኤምዌር ዳታስቶሩ ላይ የሚይዘው) ስለሚጠፋ፣ የማሽኑ ራም 16 ጊጋ ከሆነና ሪዘርቭ ካልተደረገለት (ለሱ ብቻ ተለይቶ ካልተያዘለት) ያንኑ ያህል ቦታ ታገኛለሽ። ማሽኑን አጥፍተሽ ማዋሃዱን ከጀመርሽ እስኪጨርስ ማብራት ስለማትችይ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ከወጣ በኋላ ይሁን፣ መብራት ሊሄድ ስለሚችል ዩፒኤሱንና የጀነሬተሩን ናፍጣ አስቀድመሽ አረጋግጪ። 99 ፐርሰንት ላይ ረጅም ሰዓት ቆሞ ሊያስጨንቅሽ ይችላል፣ ግን እየሠራ ነው፣ ሆስቱን (ቪኤምዌር የተጫነበትን ኮምፒውተር) ሪስታርት እንዳታደርጊ።

ለአለቃሽ ይህን ንገሪልኝ፣ ስናፕሾቱም ዋናው ዲስክም አንድ ዳታስቶር ላይ ናቸው፣ ሃርድ ዲስኩ ሲሞት አብረው ነው የሚሞቱት። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ነው የሚለው፣ በሰንሰለት እስከ 32 ድረስ ቢፈቅድም ከ2 ወይም 3 እንዳይበልጥ ይመክራል። በማይክሮሶፍቱ ተመሳሳይ ሶፍትዌር በሃይፐር ቪ ላይ ቼክፖይንት ይባላል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ስትጨርሺ ማሽኑ ላይ ኮንሶሊዴሽን ያስፈልጋል (ያልተዋሃደ ዴልታ አለ ማለት ነው) የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ኮንሶሊዴት በይው፣ ባክአፕ ሶፍትዌር ስትገዙም አንዳንዱ የራሱን ስናፕሾት ሳያነሳ ስለሚተው አልፎ አልፎ ገብተሽ እይ።