የሞተር ድምፅ ለምን ይይዘናል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ቪ8 ሞተር ሲነሳ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፤ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ግን ምንም አይለኝም። ለምን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከጩኸቱ ይልቅ የሚይዝዎት ምቱ ነው። ቪ8 ማለት ስምንት ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በሁለት ወገን የተደረደሩበት ሞተር ነው። በተለመደው ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ በደቂቃ ያለውን ዙር በሲሊንደሮቹ ብዛት አባዝተው ለ120 ሲያካፍሉ በሰከንድ ስንት ምት እንዳለ ያገኛሉ። በ750 ዙር ቪ8 50 ጊዜ፣ አራት ሲሊንደር 25 ጊዜ ይመታል። የአብዛኞቹ የአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ግን ክንዶቹ በ90 ዲግሪ ስለሚለያዩ፣ በአንድ ወገን ያሉት አራት ሲሊንደሮች ምታቸው እኩል አይራራቅም፤ ዱብ፣ ዱብ-ዱብ የሚለው መንተክተክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ወጥ ድምፅን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ ይሄኛውን ግን ይከታተለዋል። በዚያ ላይ በውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንን የሚጠብቀው ክፍል ከ90 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በላይ ለሆነ ወፍራም ድምፅ ምላሽ ይሰጣል። ቆመው ሳለ የመንቀሳቀስ ስሜት ቢሰማዎት አይግረምዎት።

ጥያቄ፦ የኮሮላዬን ማርሚታ አስቆርጬ ባዶ ቱቦ ባስበይድ ድምፁ ያምራል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይጮኻል እንጂ አያምርም። በ3,000 ዙር የአራት ሲሊንደር ምት በሰከንድ 100 ነው። እዚያ አካባቢ በመኪናው ውስጥ ያለው አየር አብሮ ስለሚያስተጋባ፣ ረጅም መንገድ በሚነዱበት ፍጥነት ላይ ራስ የሚያዞር ጉምጉምታ ይነሳል። 94 ዴሲቤል ለጆሮ የሚፈቀደው በቀን ለ1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ብየዳው ከኦክስጅን ሴንሰሩ (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው) በፊት ካፈሰሰ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩ ነዳጅ ያነሰ ይመስለውና ያስጨምራል፣ ቤንዚንዎ ያልቃል። ከመቀመጫው ሥር ካፈሰሰ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባብዎታል። የግድ ከፈለጉ የኋለኛውን ማርሚታ ብቻ፣ ጭሱን በቀጥታ በሚያሳልፍና የቱቦው ስፋት ከፋብሪካው ጋር እኩል በሆነ ይቀይሩ። መካከለኛውን ማርሚታና ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት አይንኩ።

ጥያቄ፦ መኪና የሚያስጮህ ሰው ጠባዩ ችግር አለበት ይባላል። እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በ2023 ካናዳ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ በተነካካ ማርሚታ የሚጮህ መኪና የሚመኙ ሰዎች በጭካኔና በርኅራኄ ማጣት መለኪያዎች ከፍ ያለ ነጥብ ማግኘታቸውን አሳይቷል። የተጠየቁት ግን 529 የንግድ ትምህርት ተማሪዎች ናቸው፤ በዚህ ተነሥቶ በጎረቤት ላይ መፍረድ አይገባም። የሞተር ድምፅ መውደድና ሰው ማስደንገጥ ለየቅል ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ የአንዳንዱ መኪና ፊት «ተቆጥቷል» ይለኛል።

መልስ፦ ብቻውን አይደለም። የቪየና ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በኦስትሪያ ሰዎችን ጠይቀው በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የሁለቱም አገር ሰዎች የመኪና ፊትን በተቀራራቢ መንገድ አንብበዋል። ጠባብና የተራራቀ መብራት ያለው፣ አፉ ሰፋ ያለ መኪና ኃይለኛ ጎልማሳ ይመስላል፤ መብራቱ ትልልቅ፣ የፊት መስታወቱ ረጅም የሆነው ደግሞ ሕፃን ይመስላል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ፤ መንዳት ጣዕሙ ጠፋብኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እግርዎ ፔዳሉን በነካ ቁጥር ጆሮዎ የሚሰማው መልስ ስለቀረ ነው። ያ መልስ ሲቀንስ አሽከርካሪ ፍጥነቱንም አሳንሶ ይገምታል። ስለዚህ የፍጥነት ማስጠንቀቂያውን ያብሩ፣ እስኪለምዱም የፍጥነት መለኪያውን ቶሎ ቶሎ ይዩ። መኪናው ሰው ሠራሽ ድምፅ ካለው፣ ከፔዳሉ ጋር የሚወጣ የሚወርደውን ይምረጡ። ለእግረኛ የሚያሰማውን ድምፅ ግን በጭራሽ አያጥፉ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ላይ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግዴታ ያደረገው፣ ማየት የተሳነው ሰው መንገድ የሚሻገረው በጆሮው ስለሆነ ነው። ሰው ውጭ አቁመው ቀስ ብለው በአጠገቡ ይለፉ። ካልሰማ ድምፅ ማውጫው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መከላከያው ጀርባ ነው፤ ሽቦው እንዳልተነቀለ ያስፈትሹ።