የጎፍ ጫካ ልጆቻችንን ይዘን ብንሄድስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ መነሳት ሲጀምር የምትጽፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ እግር ጉዞ ይሆናል። በጣም ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን እዚሁ ደሴ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ስለ ጫካ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ መልሴ ይረዝማል። ዛሬም ሳይረዝም አይቀርም።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ልጆቻችንን ለአንድ ቀን የጎፍ ጫካ ልንወስዳቸው አስበናል። ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትልቋ አሥራ አራት። ምን እንያዝ? ምንስ እንፍራ?» (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ሐሳባችሁ ግሩም ነው። ልጆቹ የጎፍን በየቀኑ ከታች ሆነው ያዩታል፣ ውስጡን ግን ያየው ስንቱ ነው?

ከሁሉ በፊት ብርዱን አስቡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። የየጎፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጠዋት ቦርከና ዳር በካናቴራ የወጣ ልጅ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሹራብ በቦርሳ ይኑር። ፀሐዩም እዚያ ላይ ጠንካራ ስለሆነ ኮፍያ አይረሳ። ሱሪው ረጅም ይሁን። ክረምት በወጣ ማግሥት ሳማው ከልጅ ጉልበት በላይ ነው፣ ቁምጣ ያደረገ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል። ጫማው የሚያንሸራትት ሶል የሌለው ስኒከር ቢሆን ይበቃል። ለምግብ ቆሎና በሶ ከብስኩት ይሻላል። ሆድ ይይዛል፣ ላስቲክም አያስጥልም። የጠጣችሁበትን ሃይላንድ ባዶውን ይዛችሁ ተመለሱ። አንድ ትልቅ ልጅ ፌስታል ይያዝና የቆሻሻው ኃላፊ ይሁን። ልጆች ሹመት ይወዳሉ።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ደኑ ጠባቂ አለው። የት በኩል መግባት እንደሚቻልና የትኛው ቦታ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተብሎ እንደተከለለ ይነግሯችኋል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም የዚያኑ ሰሞን ጠይቁ። ከዚያ በአካባቢው ያደገ አንድ ወጣት ቅጠሩ። ይሄን ስል «መንገዱን እናውቀዋለን» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መንገድ ማወቅና ቦታ ማወቅ ግን ይለያያሉ። ያ ልጅ ምንጩ የት እንዳለ፣ ገደሉ የት እንደሚጀምር፣ ጉም ሲወርድ በየት መውረድ እንደሚያዋጣ ያውቃል። ደኑ ቆሞ ቢውል ለእሱም እንጀራ እንደሚሆንለት ያያል። የምትከፍሉትን ገንዘብ ገና ከመነሳታችሁ ተስማሙ፣ አትቁረጡበት።

በጠዋት ጀምሩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ታች መውረድ ጀምሩ። አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን፣ ልጆቹ መሐል ይግቡ። ባረፋችሁ ቁጥር ቁጠሯቸው።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። የኮምቦልቻና የደሴ ልጅ «ዛፍ ሣል» ሲባል የሚሥለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፣ እንግዳ ነው። የጎፍ ውስጥ የጥንቱ ባለአገሮች አሉ፤ ጥድና ወይራ። ልጆቹን መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት አቁሟቸውና መሬቱን እንዲያዩ አድርጉ። ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት እንጂ ብዙ ነገር አይበቅልበትም። ከዚያ ጥዱና ወይራው ሥር ውሰዷቸው። ቁጥቋጦው፣ ሐረጉ፣ ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ወፉ ሁሉ እዚያ ነው። አፈሩን በእጃቸው ይንኩት፣ እርጥብ ነው። የወይራን ቅጠል ይገልብጡ፤ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ከታች ነጣ ይላል። ይሄን አንዴ ያየ ልጅ አይረሳውም። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከምጽፍ ይሄ አምስት ደቂቃ የበለጠ ያስተምር ነበር፣ ከልቤ ነው የምላችሁ።

«እትዬ፣ ባለፈው ወደ ጫካው ስንወጣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። አንዱ ጓደኛችን ፎቶ አንስቶ "ደን አጥፊዎች" ብሎ ሊለጥፈው ፈለገ። እኛ ከለከልነው፣ ተጣላን። ማን ነው ትክክል?» (ወጣት፣ ከደሴ ፒያሳ)

የከለከላችሁት ትክክል ናችሁ።

ያች ሴት በሌሊት ወጥታ የወረደችው እናንተ ቡና የምትጠጡበት ከሰልና እንጨት ከተማ ውስጥ ስለሚፈለግ ነው። ፊቷን ሳትጠየቅ ለሺህ ሰው ማሳየት ነውር ነው፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ አልተማርንም። ሸክም የያዘ ሰው ስታገኙ ሰላም በሉ፣ መንገድ ልቀቁ። ስትለቁም በተራራው በኩል ቁሙ፣ በገደሉ በኩል አይደለም። ለእናንተም ለእሷም የሚሻለው ያ ነው።

የደረቀ ጭራሮ መልቀምና እርጥብ ጥድ መቁረጥ አንድ አይደሉም። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዛሬ በአንድ ሰዓት የወደቀውን የልጅ ልጆቻችን እንኳ በቁመቱ ላያዩት ይችላሉ። መጥረቢያ ይዞ እርጥብ ዛፍ ላይ የቆመ ሰው ካያችሁ አትጋፈጡት። ቦታውን በደንብ ያዙና ለጥበቃው ንገሩ። ሥራው የእሱ ነው።

«መንገዱ ሲጠማዘዝ በአቋራጭ ብንቆርጠው ምን ችግር አለው? እግር እንጂ መኪና አይደለን!» (ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ)

ችግር አለው ወንድሜ። መንገዱ የሚጠማዘዘው ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ጭምር ነው። አንተ ቀጥ ብለህ ስትወርድ ሣሩ ይላጣል። ከኋላህ ያለው ያንኑ ይከተላል። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ውሃው የእናንተን አቋራጭ ይመርጣል፣ ቀጥ ያለ ነዋ። በጥቂት ክረምት ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። አፈሩ የት እንደሚሄድ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም፣ ነሐሴ ላይ ቦርከና ድልድይ ላይ ቆመህ የውሃውን ቀለም ተመልከት። የወሎ ሰው ከ1977ቱ ረሃብ በፊትም በኋላም በምግብ ለሥራ እርከን የሠራው፣ ችግኝ የተሸከመው ያንን አፈር ለማቆም ነው። አባትህን ወይም አያትህን ጠይቅ፣ ድንጋይ ያልተሸከመ አታገኝም። ጠመዝማዛውን ተከተል።

«ስፒከር ይዘን ሙዚቃ ከፍተን ብንሄድ ይፈቀዳል?»

ቤት ተዉት። ሙዚቃ ሲጮህ አውሬውም ወፉም ይሸሻል፣ ምንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ።

«አራት ጓደኛሞች ነን። ለጥቂት ቀን ቦረና ሳይንት፣ ደንቆሮ ጫካ ሄደን ድንኳን ልንተክል ነው። ውሻችን ጎበዝ ነው፣ ሌሊት ይጠብቀናል። ይዘነው ብንሄድስ?» (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

ውሻውን አትውሰዱ። እባካችሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ደንቆሮ ጫካ ያለበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ በደቡብ ወሎ የቀሩንን ቀይ ቀበሮዎች ይዟል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም ዓለም የለም። በአገሪቱ ሁሉ ያሉት አዋቂዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። የሚኖረው በደጋው ጫፍ ነው፣ የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። እሱን እየጨረሱ ካሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ እኛ የውሻ በሽታ የምንለው እብደትና ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሾች ተላላፊ በሽታ። ባሌ ውስጥ በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፣ እንደገናም በ1996 ዓ.ም. የውሻ እብደት ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ባሌ ያለው ቁጥር ከሌላው ቦታ ሁሉ ስለሚበልጥ አገገመ። የእኛ የወሎዎቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ውሻ ቢያስተላልፍባቸው የሚተርፍ ስለመኖሩ እፈራለሁ። ውሻችሁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱም እዚያ ካሉት የእረኛ ውሾች ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቤት ይቆይ፣ ክትባቱንም አስከትቡት። ለቀበሮው ትልቁ ውለታ ይሄ ነው።

ለሌሊቱ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) አለ። መካነ ሰላም ስትደርሱ መጀመሪያ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፣ ያለ እነሱ አትግቡ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ነው የምትሄዱት። እናንተ የደሴ ልጆች ብርድ እናውቃለን ትላላችሁ፣ የደንቆሮ ሌሊት ግን ሌላ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ይጥላል። ጋቢ አይበቃም፣ ቡሉኮ ወይም ደህና ስሊፒንግ ባግ ያዙ። ከከፍታው የተነሳ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ወደ ታች ይውረድ። «ይለቀኛል» ብሎ ወደ ላይ አይቀጥል።

ጭላዳ ታያላችሁ፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ሣር እየነጨ የሚውለው። ዳቦ አትስጡት። ምግቡ ሣር ነው። ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ነገ የገበሬውን አዝመራ ይደፍራል፣ ገበሬው ደግሞ ድንጋይ ያነሳል። አንድ ነገር ልጨምር። መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ተረጋግቶ እየሄደ አይጥ ያድናል፣ ብቻውን ከሚያድነው ይልቅም ይቀናዋል። ጭላዳውን አባርራችሁ ፎቶ ስታነሱ የቀበሮውንም ምሳ ታበላሻላችሁ። ቁጭ በሉና ጠብቁ። ሥሩ ተቀምጦ ለመጠበቅ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ይመቻል። ዕድለኛ ከሆናችሁ በደኑ በኩል ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ።

«ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት ነው። ጉልበቴ ያመኛል፣ ግን ልጆቼ የጎፍ ጫካ ሲሄዱ መቅረት አልፈልግም።» (አባት፣ ከደሴ)

ጋሼ፣ አይቅሩ። ጉልበትን ከዳገቱ ይልቅ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ አጠር አጠር አድርገው ይራመዱ፣ ከዘራዎን ይያዙ። ከልጆቹ ጋር እስከ ደኑ መግቢያ በመኪና ይሂዱና የመጀመሪያውን ሜዳማ ክፍል ብቻ ይሂዱ። ጥድ ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይጠብቋቸው። እሳት ግን አይነድም፣ ስለዚህ ቡናውን በፔርሙዝ ይዘው ይምጡ። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የዕለቱን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት፣ በልጆቹ ቦርሳ አይሂድ።