ያሪሷ ዳገት ላይ የምትደክመው ለምንድነው? ቶርክ፣ የፈረስ ጉልበትና ማርሽ

ጥያቄ፦ «ባለ 1.0 ሊትር ማንዋል ያሪስ አለችኝ። 69 የፈረስ ጉልበት፣ 93 ኒውተን ሜትር ቶርክ እንዳላት ተጽፏል። አራት ሆነን ወደ እንጦጦ ስንወጣ በ4ኛ ማርሽ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ብረግጠውም እየደከመች ትሄዳለች። የወንድሜ ናፍጣ ፒክአፕ 102 ፈረስና 260 ኒውተን ሜትር ነው፤ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር ብቻ እየዞረ ይወጣዋል። መኪና የሚያነሳው ቶርክ ነው ወይስ የፈረስ ጉልበት? ሞተሯን ላሠራት?»

መልስ፦ ሞተሯን ከማስፈታትዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ። በ4ኛ ማርሽ ያንን ዳገት መውጣት አዲስ ሞተር ቢገጠምላትም አትችልም።

ቶርክ ማለት ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው። 1 ሜትር ርዝመት ባለው የቡሎን መፍቻ ጫፍ ላይ 9.5 ኪሎ ቢያንጠለጥሉ 93 ኒውተን ሜትር ያገኛሉ። የራሷ የያሪስ የጎማ ቡሎን የሚጠብቀው እንኳ በ103 ነው። እንግዲህ የሞተሯ ቶርክ የአንድ ሰው ክንድ ያህል ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ሰውየው ቡሎኑን አንድ ጊዜ ይጠመዝዛል፤ ሞተሯ ግን በደቂቃ 3600 ዙር ስትሠራ ያንኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ታዞራለች። የፈረስ ጉልበት የሚባለው ይኸው ነው፦ ቶርኩ በዙሩ ብዛት ሲባዛ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ኒውተን ሜትሩን በዙሩ ያባዙና ለ7024 ያካፍሉ።

«ቶርክ ለዳገት፣ ፈረስ ለፍጥነት» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ መኪናዋ ምን ያህል እንደምትነሳ የሚወስነው፣ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ባለበት ዙር የሚያወጣው ፈረስ ነው። የተጻፈው 69 ፈረስ የሚገኘው 6000 ዙር ላይ ብቻ ነው። የወንድምዎ ፒክአፕ 260 ኒውተን ሜትሩን 2000 ዙር ላይ ስለሚሰጥ፣ እዚያው 74 ፈረስ አለው፤ ካለው 102 ውስጥ አብዛኛው ማለት ነው። የእርስዎ መኪና በዚያው ዙር 24 ገደማ ነው ያላት።

እዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቱርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ያን ያህል አይጎዳም።

አሁን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ 10 በመቶ ዳገት (በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚነሳ) ገጠመዎት እንበል። መኪናዋ ከነሰዎቹ 1300 ኪሎ ብትሆን፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ለመውጣት ከሞተሯ 31 ፈረስ ገደማ ያስፈልጋታል። የማርሽ ሬሾ (የሞተሩን ዙር ስንት እጥፍ እንደሚቀንሰው የሚያሳየው ቁጥር) ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ለስሌቱ ዲፈረንሻሉን 4.1፣ 2ኛን 1.9፣ 3ኛን 1.3፣ 4ኛን 1.0 ወስደናል። በ4ኛ ማርሽ ሞተሩ 1850 ዙር አካባቢ ነው፤ የከፍታው ሩብ ሲቀነስ 17 ፈረስ ይቀራል። በ3ኛ 2400 ዙር፣ 23 ፈረስ። በ2ኛ 3500 ዙር፣ 35 ፈረስ። ዳገቱን የምትወጣው በ2ኛ ብቻ ነው፤ ትርፉም 4 ፈረስ ብቻ። ኤሲ ሲበራ ኮምፕሬሰሩ ከ3 እስከ 5 ፈረስ ስለሚወስድ ያቺንም ትርፍ ይበላታል፤ ዳገት ላይ ያጥፉት።

ስለዚህ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፍጥነቷ ሳይወርድ፣ ወደ 2ኛ ይግቡና ዙሩን ከ3500 እስከ 5000 ያቆዩት። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲጮህ ይፈራና ወደ 3ኛ ይመልሳል፤ ያኔ ዙሩ ወደ 2400 ይወርድና ድካሙ እንደገና ይጀምራል። ጤነኛ ቤንዚን ሞተር 4500 ዙር አይጎዳውም። የሚጎዳው በ1500 ዙር እስከ መጨረሻ መርገጥ ነው፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ብሮንዚናውም (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መሸከሚያ) ዘይቱ በቂ ግፊት ሳይኖረው ጫና ይበዛበታል። አውቶማቲክ የያዘ ሰው ማርሹን «2» ወይም «ኤል» ላይ ያድርግ።

በ2ኛ ማርሽ፣ በ3500 ዙርም ካልነሳች ግን ችግር አለ። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ይፈትሹ፦ ሜዳ መንገድ ላይ በ4ኛ ማርሽ 50 እየሄዱ እስከ መጨረሻ ይርገጡ። ዙሩ ብቻውን ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው፣ በተለይ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ቀጥሎ ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው በእጅ ያዙሯቸው፤ አንዱ ከከበደ ፍሬኑ ይዟል። የጎማውንም መጠን ይዩ። በ175/65 አር14 ፋንታ 185/65 አር15 ተገጥሞ ከሆነ የጎማው ዙሪያ 6 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በየማርሹ የሚገፋትን ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሰዋል። የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ)። ዙሩ ሲነሳ እንደመታፈን የሚላት ከሆነ ፊተኛው የኦክስጅን ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የግፊት ጌጅ ይገጠም። በ2500 ዙር ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ ጭሱ መውጫ አጥቷል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ግፊት) መጨረሻ ላይ ይለካ፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ሦስቱም ካንዴላ ተፈትቶ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ መጽሐፉ ከሚለው ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ማሳየቱ የከፍታው ጉዳይ ነው፤ በዚህ ብቻ «ሞተሩ በልቷል» ከተባሉ አይቀበሉ። ግፊቱ ከዚያ በታች ካልወረደና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ባር ካልበለጠ ሞተሯን አያስፈቱ።