«ደሜ አይቀበልም» ስለሚባለው ነገር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

እኔ ባሕር ዳር የምሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደም እቀዳለሁ፣ የቫይረስ መጠን እለካለሁ። ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቡና ላይ ተሰባስበን ሳለ አንድ ወጣት ስለ ኤችአይቪ ጠየቀኝ፤ «ደሜ አይቀበልም»፣ ማለትም ቫይረሱ እኔን አይዘኝም የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ሌላው ቀጠለ። ሲመሽ ጥያቄው ገና አላለቀም ነበር። እዚያ የመለስኩትንም ያልመለስኩትንም እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜና ጓደኛው በአንድ ሰሞን ነው ተመርምረው ቫይረሱ የተገኘባቸው። ያኔ መድኃኒት አልነበረም። ጓደኛው ከተመረመረ በ3 ዓመት አረፈ። ወንድሜ ግን 12 ዓመት ምንም ሳይሆን ቆየ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ነፍስ ይማር። መድኃኒት ከሌለ ሰው ኤድስ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በአማካይ ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ግን በ2 ዓመት ይወድቃል፣ አንዳንዱ 20 ዓመት ይቆያል። ዕድሜ ለውጥ ያመጣል። ቲቢም ለውጥ ያመጣል። የያዘው የቫይረስ ዓይነትም ያመጣል። ከሰውየው ከራሱ ዘረመል ግን ኤችኤልኤ የሚባሉትን ጂኖች የሚያህል የለም።

በጠላ ቤት ላስረዳህ። እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካየህ፣ ሳትገባ ውስጥ ጠላ እንዳለ ታውቃለህ። ሴሎቻችንም እንደዚያ ናቸው። በውስጣቸው ካለው ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን አውጥተው በር ላይ ይሰቅላሉ። እንጨቱ ኤችኤልኤ ነው። ቫይረስ ከገባ የቫይረሱ ቁራጭ ይሰቀላል። ገዳይ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ያንን አይተው ሴሉን ያጠፋሉ።

ታዲያ የሁላችንም እንጨት አንድ አይደለም። ቢ57 ወይም ቢ27 የሚባለው የኤችኤልኤ ዓይነት ያለው ሰው የሚሰቅለው ቫይረሱ ዘረመሉን ከጠቀለለበት ቅርፊት የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ቫይረሱ ለማምለጥ ያንን ቁራጭ ሊለውጥ ይችላል፤ ሲለውጠው ግን ራሱ ይደክማል፣ እንደ ልቡ መራባት ያቅተዋል። በሽታው የሚዘገየው ለዚህ ነው። ቢ35 ከሚባሉት አንዳንዶቹ ደግሞ በተቃራኒው በሽታውን ያፋጥናሉ። ወንድምህ የትኛው እንዳለው ፊቱን አይቶ የሚናገር ሰው የለም።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ግን ጠበሉ ነው ያቆየው ይባላል። መድኃኒቱስ አሁን ምን ያደርግለታል?

ጠበሉን ይጠመቅ፣ እኔም እጠመቃለሁ። መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አይተው። ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ተቆጣጥረው የሚኖሩ ሰዎች ከ100 አንድ አይሞሉም። እነሱም ቢሆኑ ሰውነታቸው ከቫይረሱ ጋር ሲታገል ውስጥ ውስጡን የሚቀጥለው መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ልባቸውንና የደም ሥሮቻቸውን ይጎዳል፤ አንዳንዶቹም ከጊዜ በኋላ መቆጣጠሩ ያቅታቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ሲዲፎሩ (ቫይረሱ የሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር) ስንትም ቢሆን መድኃኒት ይጀምር ያለው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ለመጀመር ጂን ማስመርመር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቫይረሱ አለበት። 8 ዓመት አብረን ስንኖር እኔ ነፃ ነኝ። የዘጌ ዘመዶቼ «ደምሽ አይቀበልም» ይሉኛል። እውነት ነው?

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቅሁሽ «የሱ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ስንት ነው?» ብዬ ነበር። «አይታይም ተብሏል» አልሽኝ። መልሱ እሱ ነው። መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ያተረፈሽ የሱ ኪኒን ነው። «ደሜ አይቀበልም» ብለው የተዘናጉ ሰዎችን ውጤት በእጄ ሰጥቻለሁ። በጣም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ነጮች አይዛቸውም የሚባለውስ?

ይይዛቸዋል። ግን ወሬው ከአንድ እውነት የመጣ ነው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር5 በሚባል በር ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን በር በሚሠራው ጂን ላይ 32 የዘረመል ፊደል ይጎድላቸዋል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከእናትም ከአባትም የጎደለውን የወረሰ ሰው በሩ የለውም፤ ቫይረሱ በቀላሉ አይገባበትም። በሰሜን አውሮፓ ከ100 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። በእኛ አገር የለም ማለት ይቻላል። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊን ውስጥ ለደም ካንሰሩ መቅኔ የተቀየረለት እንዲህ ካለ ለጋሽ ነበር፤ ኤችአይቪው ዳግም አልተመለሰም። ሕክምናው ራሱ ሊገድል ስለሚችል ግን ለሌላው ሰው አይመከርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ድሮ ማታ ማታ የምትወስደው ኪኒን ሌሊቱን ያቃዣት ነበር። ጎረቤታችን ግን ያንኑ ወስዳ ምንም አልሆነችም።

ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤችአይቪ ኪኒን ይሆናል። እሱን የሚሰባብር ሲዋይፒ2ቢ6 የሚባል የጉበት ኢንዛይም አለ። በአንዳንድ ሰው ይህ ኢንዛይም ከተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማችና ቅዠትና ማዞር ያመጣል። አፍሪካ ውስጥ ይህ ብዙ ሰው ላይ አለ። እናትሽ አላጋነኑም፣ እውነታቸውን ነው። አሁን በብዛት የሚሰጠው ዶልቴግራቪር የሚባል ሌላ ኪኒን ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ልጄ ቫይረሱ እያለባት ብዙ ዓመት ጠንክራ ኖረች። አሁን ልትወልድ ነው። የሕፃኑም ደም እንደ እሷ ጠንካራ ይሆናል?

እማማ፣ በዚህ አይተማመኑ። ሕፃኑ ግማሹን የኤችኤልኤ ጂን ከእናቱ ይወርሳል። ቫይረሱ ደግሞ እናቱ ውስጥ ዓመታት ሲኖር ከእነዚያው ጂኖች ማምለጥን ተለማምዷል። ወደ ልጁ ቢተላለፍ የለመደውን ቤት ነው የሚያገኘው። መድኃኒት ካላገኙ በቫይረሱ ከተያዙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ።

ልጅዎ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ግን የመተላለፉ ዕድል እያጠቡም ቢሆን ከ100 ከ5 በታች ይወርዳል። ሲወለድ ለሕፃኑም የሚዋጥ ሽሮፕ ይሰጠዋል። 6 ሳምንት ሲሆነው ከተረከዙ ትንሽ ደም ይወሰዳል። ያን ቀን እርስዎም አብረዋት ይምጡ፤ እኔ ነኝ የምቀዳው።